ድመት አመሏን ስትረሳ
የድንገተኛ የጠባይ ለውጥ ትርጉም በእንስሳት ሳይንስ ዓይን

መግቢያ

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በሀገራችን የሚጠቀሰው የቆየ ልማዱን ሊተው ያልቻለን ሰው ለመንቀፍ ነው። አባባሉ ለሰው ይነገር እንጂ ስለ ድመቷ የያዘው ቁም ነገር ከእንስሳት ጠባይ ጥናት ጋር የሚስማማ ነው። ድመት በእርግጥም የልማድ እንስሳ ናት። የምትተኛበትን ስፍራ፣ የምትመገብበትን ሰዓትና የምትጸዳዳበትን ቦታ በቀላሉ አትለውጥም። እንግዲህ አመሏን የማትረሳው እንስሳ አንድ ቀን በድንገት ረስታው ብትገኝስ? ለዓመታት በአንድ ጥግ ስትጸዳዳ ኖራ በአልጋ ላይ ብትሸና፣ መዳበስ ትወድ የነበረችው መቧጨር ብትጀምር፣ ወይም ከቁም ሣጥን ሥር ገብታ አልወጣም ብትል ምን ማለት ነው?

በብዙ ቤቶች የሚሰጠው መልስ «ባለገች»፣ «ጠገበች»፣ «ተንኮል ይዛ ነው» የሚል ነው። መልሱ ይህ ከሆነ ቅጣቱ ይከተላል። ድመቷ ትመታለች፣ ከቤት ትባረራለች፣ አንዳንድ ጊዜም በጆንያ ተከትታ ከማትመለስበት ሰፈር ትጣላለች። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ግን ድንገተኛው ለውጥ እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ሕመም ወይም እንደ ጭንቀት ምልክት መታየት እንዳለበት ነው። ከእነዚህ ምልክቶች መካከል ቢያንስ አንዱ በጊዜ ካልታወቀ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ እንስሳውን ለሞት ይዳርጋል፤ ሌላው ደግሞ የቤተሰቡን ሕይወት ጭምር አደጋ ላይ የሚጥል ሊሆን ይችላል።

ልማዱ ከየት መጣ?

የቤት ድመት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ ምድር ከሚኖረው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፌሊስ ሊቢካ ከሚባለው የዱር ድመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመና የ979 የዱርና የቤት ድመቶችን ዲ.ኤን.ኤ. ያነጻጸረ ጥናት ይህንኑ ዝምድና አሳይቷል። በቆጵሮስ ደሴት ደግሞ ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረ የድመት አጽም መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሆኗል። የሰውና የድመት ጉርብትና ምን ያህል ረዥም ዕድሜ እንዳለው ከዚህ እንረዳለን።

የዛሬዋ ድመት ከዚህ የደረቅ ምድር ቅድመ አያቷ ለርዕሳችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮችን ወርሳለች።

የመጀመሪያው ውሃ ቆጣቢነት ነው። የድመት ኩላሊት ሽንትን እጅግ የማጥለል ችሎታ አለው። የሰው ኩላሊት ሽንትን ሊያወፍር የሚችለው በአንድ ኪሎ ግራም እስከ 1,200 ሚሊኦስሞል ገደማ ሲሆን የድመት ኩላሊት ግን ከ3,000 በላይ ይደርሳል። ይህ ችሎታ ውሃ በሌለበት ምድር ሕይወትን ያተርፋል። በሌላ በኩል ግን ወፍራም ሽንት በፊኛ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ሲቆይ ማዕድናት እየረጉ ጥቃቅን ክሪስታሎችን ለመሥራት ይመቻቸዋል። ደረቅ ምግብ ብቻ የምትመገብና ውሃ የማትደፍር ድመት ለዚህ ችግር የተጋለጠች ናት።

ሁለተኛው ልል በሆነ አፈር ወይም አሸዋ ላይ ቆፍሮ የመጸዳዳትና የመቅበር ጠባይ ነው። የድመት ግልገል ይህን ለመጀመር ብዙ ትምህርት አያስፈልጋትም፤ የሚቆፈር ነገር ካገኘች ትቆፍራለች። እ.ኤ.አ. በ1947 ኤድዋርድ ሎው የተባለ አሜሪካዊ በሚሺጋን ግዛት ፈሳሽ የሚመጥ የሸክላ አፈርን ለድመት መጸዳጃነት ለሽያጭ ሲያቀርብ የተጠቀመው ይህንኑ የተፈጥሮ ዝንባሌ ነው። በእኛም ሀገር ድመት ለብዙ ዘመን የግቢ አፈር ስለነበራት መጸዳጃዋ የማንም ጭንቀት አልነበረም። ካለፉት ሁለት አሥርተ ዓመታት ወዲህ ግን በርካታ የከተማ ቤተሰቦች ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወሩ ድመቶቻቸውም አብረው ወደ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ወጥተዋል። በዚያ ላይ አፈር የለም፤ ያለው ሴራሚክ፣ ምንጣፍና ፍራሽ ነው።

ሦስተኛው ሕመምን መደበቅ ነው። ብቻዋን የምታድን ትንሽ እንስሳ ራሷም ለትላልቆቹ አዳኞች ምግብ ልትሆን ስለምትችል ድካሟን ማሳየት አይበጃትም። ስለሆነም ድመት ስትታመም እንደ ውሻ ወደ ሰው ቀርባ አታለቅስም። ሕመሟን ብዙ ጊዜ የምናውቀው በለቅሶዋ ሳይሆን በልማዷ መለወጥ ነው። ለዚህም ነው የመጸዳጃ ቦታ መቀየር፣ መደበቅ ወይም መቆጣት ከፍ ያለ ትርጉም የሚሰጣቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ሽንት እየወጣ ነውን?

ድመት ልማዷን ስትለውጥ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የት ሸናች?» ሳይሆን «ሽንቷ እየወጣ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ደጋግማ ወደ መጸዳጃዋ የምትሄድ፣ ለረዥም ጊዜ የምትቆናጠጥ፣ ስታምጥ የምትጮህና ብልቷን አዘውትራ የምትልስ ድመት ብዙ ጊዜ «ሆዷ ደርቆ ነው» ትባላለች። ይህ ግምት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

አደጋው በተለይ በወንድ ድመት ላይ የከፋ ነው። የሴቷ የሽንት መውጫ ቱቦ አጭርና ሰፋ ያለ ሲሆን የወንዱ ግን ረዥምና ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ስትሩቫይት ወይም ካልሲየም ኦክሳሌት የተባሉት ክሪስታሎች፣ ወይም ከተቆጣው የፊኛ ግድግዳ የሚወጣ ዝልግልግ ቁስ ተጠራቅሞ ቱቦውን ይደፍነዋል። ሽንት ሲታገድ ፊኛው ይወጠራል፤ ግፊቱም ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ሥራ ያስፈታል። በዚህ ጊዜ ከሰውነት መውጣት የነበረባቸው ቆሻሻዎችና ፖታሲየም በደም ውስጥ ይከማቻሉ። ፖታሲየም ከልኩ ሲያልፍ የልብን ምት የሚመራውን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ያውካል። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል እንስሳው በጽኑ ይታመማል፤ እርዳታ ካላገኘም በሦስት ቀን ገደማ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ማስታወክ፣ ምግብ መተው፣ መፍዘዝና የሰውነት መቀዝቀዝ ጊዜው እያለቀ መሆኑን የሚያመለክቱ ናቸው።

እንዲህ ያለ ወንድ ድመት ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለበት። ሐኪሙ ድመቱን አደንዝዞ በቀጭን ቱቦ መተላለፊያውን ይከፍታል፣ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፣ ፖታሲየሙንም ወደ ልኩ ይመልሳል። በቤት ውስጥ ሆድን ጨምቆ ሽንትን ለማስወጣት መሞከር የተወጠረውን ፊኛ ሊያፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ከዚህ ጋር አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ለሰው የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ለድመት አይሰጥም። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ወደማይጎዳ ቅርጽ ለውጦ ለማስወገድ የሚያስፈልገው የኢንዛይም አቅም የለውም ለማለት ይቻላል። በመሆኑም መድኃኒቱ ወደ መርዝነት ተለውጦ ቀይ የደም ሕዋሶች ኦክስጅን እንዳይሸከሙ ያደርጋል። ባለ 500 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ ብቻ አዋቂ ድመትን ለመግደል ይበቃል።

ሽንቱ እየወጣ፣ ቦታው ከተለወጠ

ሽንት መውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ መጠኑንና ድግግሞሹን እንመለከታለን።

ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ ሽንት የፊኛ መቆጣትን ያመለክታል። ሰዎች ይህን ሲያዩ ባክቴሪያን ይጠረጥራሉ። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች በሆኑ ድመቶች ዘንድ በምርመራ ባክቴሪያም ሆነ ድንጋይ የማይገኝበት የፊኛ መቆጣት ከሁሉም ይበዛል። ከጭንቀት ጋር የተያያዘ መሆኑን ወደኋላ እናያለን። ያም ሆነ ይህ፣ ሽንት ስትሸና የሚያማት ድመት ሕመሙን ከቦታው ጋር ታያይዘዋለች። ሳጥኑ የሚያሳምማት ስለሚመስላት ለስላሳውን ፍራሽ ወይም ቀዝቃዛውን የመታጠቢያ ገንዳ ትመርጣለች። ባለቤቱ «አውቃ ነው» ያለው ድርጊት በእርሷ በኩል ከሕመም መሸሽ ነው።

ብዙ ሽንትና ብዙ ውሃ መጠጣት ደግሞ በአብዛኛው የሚታየው በዕድሜ በገፉ ድመቶች ላይ ነው። የደከመ ኩላሊት ሽንትን ማጥለል ስለሚያቅተው መጠኑ ይጨምራል። የስኳር በሽታም ተመሳሳይ ምልክት አለው። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድመቶች ላይ በሚገባ የታወቀው የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት ደግሞ አሮጊቷን ድመት እንደ ልጅ እግር ያደርጋታል፤ ብዙ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች፣ ትቅበዘበዛለች፣ ሌሊት ትጮሃለች። «ዕድሜዋ ተመለሰ» ብለን የምንደሰትበት ለውጥ በእርግጥ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ተደብቆ የሚኖር ምክንያት የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ድመቶችን የራጅ ፎቶግራፍ መርምሮ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ መጎዳት አግኝቷል። እንዲህ ያለች ድመት የሳጥኑን ከፍ ያለ ጠርዝ ለመሻገር ሲያማት አጠገቡ ብትጸዳዳ ሊደንቀን አይገባም። መፍትሔውም ከሐኪም ምክር ጋር የሳጥኑን አንድ ጎን ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ሊሆን ይችላል።

አካሉ ጤነኛ ሲሆን፦ ቤቱን መመርመር

በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ሥራ ለዚህ ክፍል መሠረት ይሆነናል። ጥናቱ 12 ጤነኛ ድመቶችንና የፊኛ መቆጣት ያለባቸውን 20 ድመቶች ለ77 ሳምንታት ተከታተለ። ድመቶቹ የሚኖሩት በተመቻቸና ሥርዓቱ በማይለዋወጥ ቤት ነበር። ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ የሚመግባቸው ሰው ወይም የምግባቸው ሰዓት ሲለወጥ በጤነኞቹም በታማሚዎቹም ላይ ምግብ መቀነስና ከሳጥን ውጭ መጸዳዳት በግልጽ ጨመረ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአካባቢ መናወጥ ብቻውን ጤነኛ ድመትን የታመመች ሊያስመስል ይችላል። ሁለተኛ፣ በሽታው ያለባቸው ድመቶች ቤቱ ሲረጋጋ ሊሻላቸው ይችላል።

ለእኛ ትንሽ የሚመስለን ነገር ለድመት ትልቅ መናወጥ ሊሆን ይችላል። ቤት መቀየር፣ የጎረቤት ቤት ግንባታ፣ አዲስ ሕፃን፣ ለበዓል የመጡ እንግዶች፣ በመስኮት የምትታይ ባዕድ ድመት፣ የቤት ሠራተኛ መለወጥ፣ የሳጥኑ መዛወር ሁሉ ከዚህ ይቆጠራሉ። ለውጡን ማስቀረት ባይቻል እንኳ ድመቷ ከፍ ያለ መቀመጫና ማንም የማይነካት መሸሸጊያ እንድታገኝ፣ ምግቧም በለመደችው ሰዓት እንዲቀርብ ማድረግ ይቻላል።

መጸዳጃውም ራሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ጥሩ ሳጥን ርዝመቱ ከድመቷ አካል ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቦታው ከምግቧና ከጫጫታ የራቀ፣ ማምለጫ ያለው መሆን አለበት። ቁጥሩም ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ቢበልጥ ይመረጣል። መሙያው ደቀቅ ያለና ሽቶ የሌለበት ቢሆን ብዙዎቹ ድመቶች ይወዱታል፤ የተነፋ አሸዋ ወይም አፈር በቂ ነው። የእንጨት አመድ ግን ሲርስ ቆዳን የሚያቃጥል ስለሆነ አንመክረውም። ዓይነ ምድር በየቀኑ መነሣት አለበት። ይህ ለሰውም ጥቅም አለው። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተዋሲ በድመት ዓይነ ምድር ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ ብቁ የሚሆነው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ስለሆነ በየዕለቱ ማጽዳት አደጋውን ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ብትተው ይሻላል።

መሽናትና መርጨት አንድ አይደሉም

ድመት ቁጢጥ ብላ በወለል ላይ ብዙ ሽንት ብታፈስ መጸዳዳቷ ነው። ቆማ፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ እያንቀጠቀጠች፣ በግድግዳ ወይም በመጋረጃ ላይ ጥቂት ሽንት ብትረጭ ግን ክልል ማመልከቷ ነው። ይህ በይበልጥ የሚታየው ባልተኮላሹ ወንዶች ላይ ነው። የሽንታቸው የከረረ ሽታ ፌሊኒን ከተባለ አሚኖ አሲድ ይመነጫል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያገኙት ኮክሲን የተባለ ፕሮቲን ፌሊኒንን በማዘጋጀት ረገድ ዋነኛ ድርሻ አለው። ማኮላሸት አብዛኞቹን ወንዶች ከዚህ ጠባይ ይመልሳል። ያም ሆኖ ከተኮላሹት ወንዶች 10 በመቶ፣ ከመከኑት ሴቶች ደግሞ 5 በመቶ ገደማ የሚሆኑት መርጨታቸውን እንደሚቀጥሉ ጥናቶች አመልክተዋል። ለእነዚህ ፍለጋው እንደገና ወደ ጭንቀት፣ በተለይም ወደ ሌሎች ድመቶች መኖር ያመራል።

የተበላሸውን ቦታ ማጽዳትም ዕውቀት ይጠይቃል። ሽንት ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። በላዩ በረኪና ብናፈስበት ሁለቱ ተዋህደው ክሎራሚን የተባለ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጠራል። ስለዚህ በመጀመሪያ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ቀጥሎ ኢንዛይም ያለበትን የልብስ ማጠቢያ ዱቄት በለብታ ውሃ በጥብጦ መጠቀም ይሻላል። ሽታው ካልጠፋ ድመቷ ተመልሳ ትመጣለች።

ጠባይ ሲለወጥ የሚያሰጋ ሌላ በሽታ

ጸጥተኛ የነበረች ድመት ያለ ምክንያት ብትነክስ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ሕመም ወይም ፍርሃት ነው። በሀገራችን ግን አንድ በሽታ ከሐሳብ መውጣት የለበትም። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ ውሻን ብቻ ቢያነሣም ድመትንም ይይዛል፤ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። ያልተነካች ድመት ተወርውራ ብትነክስ፣ ለሀጯ ቢዝረከረክ፣ መዋጥ ቢያቅታት፣ ድምጿ ቢለወጥ፣ የኋላ እግሮቿ ቢንገዳገዱ፣ ወይም ከሰው ትሸሽ የነበረችው በድንገት ብትላመድ መጠርጠር ይገባል።

የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት የለም ለማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። የነከሰችውን ድመት ገድሎ ከመጣል ይልቅ ሳይነኩ በአንድ ክፍል ዘግቶ ለ10 ቀን ማስጠበቅ ስለ በሽታው መኖር አለመኖር ፍርድ ለመስጠት ይረዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ድመትን እንደ ውሻ ሁሉ አስቀድሞ ማስከተብ ነው።

መርዝም ከዚህ ጋር ይታሰባል። በአይጥ መርዝ የሞተች አይጥ የበላች ድመት ልትመረዝ ትችላለች። ድንገተኛ መዝለፍለፍ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ደም መፍሰስ ቢታይ የመርዙን መጠቅለያ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል።

ለሐኪም የሚቀርቡ አምስት መልሶች

ድመት ስለማትናገር ምስክሯ ባለቤቷ ነው። ወደ ሐኪም ከመሄዳችን በፊት የሚከተሉትን ብንመዘግብ ምርመራው ይቀላል።

1ኛ. ለውጡ የጀመረው መቼ ነው? በዚያ ሳምንት በቤቱ ምን ተለወጠ?
2ኛ. በቀን ስንት ጊዜ ትሸናለች? መጠኑ ብዙ ነው ወይስ ጠብታ? ደም አለው?
3ኛ. የምትሸናው ቁጢጥ ብላ ነው ወይስ ቆማ? በወለል ላይ ነው ወይስ በግድግዳ?
4ኛ. የምትጠጣው ውሃ፣ የምትበላው ምግብና ክብደቷ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?
5ኛ. ዕድሜዋ፣ ጾታዋ፣ መከና እንደሆነና የተከተበችበት ቀን?

እነዚህ ጥያቄዎች እስኪመለሱ መጠበቅ የማይገባበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እርሱም እያማጠ ሽንት የማይወጣለት ወንድ ድመት ነው። እርሱን ይዞ መሄድ ይቀድማል።

ማጠቃለያ

ቅጣት ድመትን ወደ ልማዷ አይመልሳትም። የተመታች ድመት ዱላውን ከሽንቱ ጋር ሳይሆን ከመታት ሰው ጋር ታያይዘዋለች፤ ፍርሃቱም ፊኛዋን ይበልጥ ያስቆጣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሽንት መውጣቱን እናረጋግጥ፤ ቀጥለን አካሏን እናስመርምር፤ ከዚያም ቤታችንን እንፈትሽ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። ጭንቀት ነው ብለን ስንጠብቅ ቱቦው የተደፈነ ድመት በእጃችን ሊሞት ይችላልና።

ምሳሌያዊው አነጋገር ድመት አመሏን አትረሳም ብሎናል። እኛም እንጨምርበታለን፦ ከረሳችው፣ ያስረሳትን እንፈልግ።